ሰይድ ያልሮጠበት ረመዳን

ሚያዝያ 19፣ ሰኞ

ልምምድ 11 ሰዓት። ጭጋግ። ከሰኞ ገበያ በላይ ያለው ሜዳችን ግማሹ አይታይም። ሰይድ ዛሬም ያው ነው። ኳስ ሲደርሰው አንገቱን ይደፋል፣ በቀኝ መስመር ይበራል፣ ጥግ ደርሶ ያሻማል። ማን የት እንዳለ አያይም። ኳሱ ለማንም አይደርስም፤ ሰው ግን ያጨበጭባል። ሃያ ዓመቱ ነው፤ ደሴ ውስጥ እሱን በሩጫ የሚቀድም የለም። ሲነጠቅ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ይቆማል። ተመለስ እያልኩ እጮኻለሁ።

"ጋሼ፣ ክንፍ ወደ ኋላ ሲበር አይተው ያውቃሉ?"

ሁሉም ሳቁ። ሁሉንም ሜዳውን አዞርኳቸው። እሱ አንደኛ ወጣ። ቅጣቱ ለእሱ መዝናኛ ነው። ተናድጄ ቤቴ ገባሁ።

ግንቦት 9፣ እሁድ፣ ኮምቦልቻ ወርደን እንጫወታለን። የክ/ሀገሩ ምርጥ ቡድን መራጭ ሊያየው ይመጣል። ዘንድሮ ለሰይድ ሌላ ዕድል የለም። እኔ ደግሞ ግማሽ ተጫዋች ለማንም አላስረክብም። ይህን አንተ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ደብተሬ።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

ረመዳን ትናንት ገባ። ደንቤ የታወቀ ነው፦ የጾመ አይጫወትም። ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም። በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ የሚጾሙትን አስቀምጫለሁ፤ ራሴ እየጾምኩ። ጾመኞቹ እንደ ወትሮው ወሩን ሊያርፉ ተሰናብተውኝ ሄዱ። ሰይድ ብቻ ቀረ።

ጎማ መጠገኛ ሱቄ አጠገብ ያሉትን ሐጂ ጠይቄ ነበር፤ ለመንገደኛ ይፈቀዳል ብለውኛል። ይህንኑ ነገርኩት። ኮምቦልቻ ስንሄድ መንገደኛ ነህ፣ በዚያች ቀን ብቻ ብላ፣ በኋላ ትከፍለዋለህ።

"ጋሼ፣ ኮምቦልቻ መንገድ ከሆነማ በየሳምንቱ ለገበያ የምትወርደው አክስቴ ሐጅ ስትመላለስ ኖራለች ማለት ነው። ወላሂ አልፈታም።"

እንግዲያው አትምጣ አልኩት። መጥቼ ቆሜ አያለሁ አለ። መጣ። ቆመ።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ትናንት የላብ አደሮች ቀን ሰልፍ። ቡድኑ በማሊያ ወጣ። ከሰልፉ በኋላ የቀበሌው ስፖርት ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ ጓ. ታደለ፣ እጄን ጨበጠኝ። ደንቤን ሰምቷል። ኋላ ቀር ልማድን መታገል ማለት ይህ ነው፣ በስብሰባ እናነበዋለን አለ። ሰይድ በቡድኑ ፊት ውሃ ይጠጣና አርአያ ይሁን አለ።

ደንቡ ስለ ጉልበት ነው እንጂ ስለ ሃይማኖት አይደለም አልኩት።

"ያው ነው፣ ጓድ አሰልጣኝ።"

ያው አይደለም። እራቴን አልበላሁም። ባለቤቴ ዘነብ ሰሃኑን እያነሳች፣ "ሰው ሲያመሰግናቸው የሚታመሙ አንቱን ብቻ አየሁ" አለች።

ሚያዝያ 26፣ ሰኞ

ደንቡን አልሻርኩም። ሰይድን ግን ልምምድ አስገባሁት፤ እንዳይሮጥ በሚል ውል። መሐል ሜዳ ይቁም፣ ይራመድ፣ ኳስ ሲደርሰው ቶሎ ያቀብል። ከሮጠ ይወጣል። እውነቱን ልጻፍ፦ ይሰለቸዋል ብዬ ነው። ወይ ጾሙን ይፈታል፣ ወይ ቤቱ ይቀመጣል።

ማየቱ ያስጨንቃል። እግሩ ይነሳል፣ ፊሽካዬን ሲሰማ ይገታል። ኳሱን ደጋግሞ ለባላጋራ ሰጠ።

"ሼህ ሰይድ፣ ከዘራ እናምጣልዎ?" ይሉታል ልጆቹ።

"አምጡ። መጀመሪያ እናንተን እገርፍበታለሁ።"

አልሄደም። እስከ መጨረሻው ተራመደ።

ሚያዝያ 29፣ ሐሙስ

ዛሬ ቀና አለ።

ኳሱ ገና እየመጣ ሳለ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ከዚያ ነካው። አጥቂያችን ግርማ ብቻውን ቆሞ ነበር፤ እግሩ ላይ አደረሰለት። ግርማ ደንግጦ ሳተው። ዞር ብዬ መረቡን የማስር መሰልኩ።

ግንቦት 2፣ እሁድ

እርስ በርሳችን ተጋጠምን። ሰይድ መሐል። ሳይሮጥ ከሦስት ሰው ኳስ ነጠቀ። ወደ ኋላ ወርዶ ከተከላካዮቹ ጋር ሲቆምም አየሁት፤ ማንም አላዘዘውም። እንዴት ነው ብዬ ጠየቅኩት።

"ጋሼ፣ ድሮ ኳሱን ነበር የማባርረው። አሁን ጉልበት የለኝ፤ የሚመጣበት ቦታ ቀድሜ ሄጄ እጠብቀዋለሁ።"

ይህን ስንት ዓመት ጮኼአለሁ። ለአንድም ሰው ገብቶት አያውቅም። ለእሱም ያስገባለት የእኔ ጩኸት አይደለም፤ ልቀጣው ያመጣሁት ነገር ነው። ይከነክነኛል። ግራ እግሩ አሁንም እንጨት ነው። ሁሉም ከሄዱ በኋላ በግራ ብቻ ከግድግዳ ጋር አጫወትኩት፣ አዛን እስኪል።

ግንቦት 6፣ ሐሙስ

ጎማ እየጠገንኩ ሳለ ጓ. ታደለ ሱቄ መጣ። ቁጭ አላለም። መራጩ የሚፈልገው ቀኝ ክንፍ ነው፣ ሰይድን እዚያ አሰልፍ ብሏል። ከጨዋታው በፊትም ልጁ በቡድኑ ፊት ውሃ ይጠጣል አለ። እምቢ ካለስ አልኩት።

"እምቢ ካለ አይጫወትማ። የጾመ አይጫወትም። ደንቡን ያወጡት እርስዎ ነዎት፣ እኔ አይደለሁም።"

የገዛ ቃሌ አንገቴን ያዘኝ። ለዘነብ ነገርኳት።

"ይሻሩታ!"

ደንብ እንደ ጎማ አይጠገንም አልኳት።

"እንግዲያው ይጣሉት" አለችና ሽንኩርቷን መክተፍ ቀጠለች።

ግንቦት 7፣ ዓርብ

ሰይድን ለብቻው ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። ከንፈሩ ደርቋል።

"አልጠጣም ጋሼ። ካላጫወቱኝም አልቀየምዎትም። ብቻ የምቀመጥ ከሆነ አሁኑኑ ይንገሩኝ። እናቴ ዱዓ ላይ ናት፤ በከንቱ እንዳትደክም።"

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ሳልወስን ቤቴ ገባሁ። በዓለ ሃምሳ ስለሆነ ዓርብ ሥጋ ቀርቦልኝ ነበር። ሳልበላው ተነሳሁ። ሜዳ ወጥቼ ተመለስኩ። ሱቅ ከፍቼ ዘጋሁ። ሥራ እምቢ አለኝ።

ግንቦት 9፣ እሁድ፣ ረፋድ 5 ሰዓት

ደንቡን ሻርኩ፤ ልጁን ማስገደጃ ከሚሆን ይቅር። ሰይድ ጾሙን እንደያዘ ይሰለፋል፣ መሐል ሜዳ። ለጓ. ታደለ መኪናው ጋ ነገርኩት። ይጠየቁበታል አለ። ልጠየቅ። እየጠሩኝ ነው።

ግንቦት 10፣ ሰኞ፣ ጧት

ትናንትን እንደሆነው ልጻፍ። የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ሹራባችንን አወለቅን። ኮምቦልቻ በ9 ሰዓት ፀሐይ ምድጃ ነው። የመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለአንድ። ጎላችን ከሰይድ የተነሳች ናት። ግን ሰው አያጨበጭብለትም፤ አይሮጥማ። "ምነው ይሄ ልጅ፣ ታመመ?" ይላሉ።

በእረፍት መራጩ ወረደ። ፊቱ ጠቁሯል። ክንፍ ለማየት መጣሁ፣ ያሳያችሁኝ የሚንሸራሸር ሰው ነው። ቀኝ መስመር ካልወጣ እሄዳለሁ አለ። ጓ. ታደለ እጅጌዬን ጎተተ። ሌሎቹ ውሃ ይጠጣሉ፤ ሰይድ ጀርባውን ሰጥቷቸው ጫማውን ያስራል።

ላዝዘው ነበር። ወይ መሐል፣ ወይ ቀኝ። ግን መራጩ ያለውን ሳልቀንስ ነገርኩትና የት እንደምትቆም አንተ እወቅ አልኩት። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ተጫዋች ተናግሬ አላውቅም።

ክሩን ቋጥሮ ተነሳ።

"መሐል እቆያለሁ ጋሼ። ያለኝ ሩጫ አንድ ነው። በቀኝ መስመር ያለው ተከላካያቸው ሲደክም እወጣበታለሁ።"

ተራመደ። ሰዓቱ ነጎደ። መራጩ ደጋግሞ ብድግ ይላል፣ መልሶ ይቀመጣል። ሊያልቅ ሲል ተከላካያቸው ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ያዘ፤ ያኔ ሰይድ ሄደ። ሜዳው ሁሉ ተነሳ። አንገቱ ቀና እንዳለ ነው። ጥግ ደረሰ፣ አላሻማም። ኳሱን ረግጦ ቆመ። ሁለት ሰው ወደ እሱ ሲመጣ በግራ እግሩ፣ በዚያ በእንጨቱ፣ ወደ ኋላ አንከባለለለት ለግርማ። ጎል። ሌሎቹ ሲተቃቀፉ ሰይድ ቦታው ተመልሷል፤ የመጨረሻዋን ኳሳቸውን በጭንቅላቱ ያወጣት እሱ ነው።

መራጩ መጥቶ ምን ቦታ ብዬ ልመዝግበው አለኝ። ስሙን ብቻ ይጻፉ አልኩት። ጻፈው።

ስንመለስ ሐረጎ ላይ ጀንበር ገባች። ሹፌሩ ማንም ሳይነግረው አቆመ። ሰይድ ኮዳውን አንስቶ ከመጠጣቱ በፊት ለእኔ ዘረጋልኝ። አንተ ቅደም ብዬ ተቆጣሁት።

ለሐሙስ ቀበሌ ተጠርቻለሁ። ፊሽካውን ይቀሙኝ ይሆናል። እስከዚያ ግን በእጄ ነው። ሊያርፉ የሄዱት ጾመኞች ዛሬ 11 ሰዓት እንዲመጡ ልኬባቸዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ፣ ቀና ብሎ ማየት እስኪማር ድረስ፣ ሜዳዬ ላይ ማንም አይሮጥም፤ የጾመውም፣ ጠግቦ የመጣውም። የሚስቅ ይሳቅ። አዲሱ ደንብ ይህ ነው። አይሻርም።