የሦስተኛው ኩርባ ቀለም

ለተወደድሽው እህቴ፣

እንደምን ሰንብተሻል እትዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ደረጃ መውጣቱን ተውሽው ወይስ አሁንም እልህ ይዞሽ ባልዲ እያንጠለጠልሽ ትወጫለሽ? የግፊት መድኃኒትሽን ጠዋት ጠዋት ሳትዘነጊ ትወስጃለሽ? ባለቤትሽስ ሳሉ ተሻለው? እኛ ሁለታችንም፣ እኔም ልጅሽም፣ ከናፍቆታችሁ በስተቀር የጎደለብን የለም። ጤናችን ሙሉ ነው፤ አጥንታችንም ሙሉ ነው። አጥንቱን ለይቼ የጻፍኩት አንቺ ለይተሽ ስለጠየቅሽኝ ነው።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቆየ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ መጀመሪያ ቆሜ፣ ቀጥሎ ተቀምጬ። «ልጄን አደራ ብዬ ብሰጥህ በጀርባዋ አስተኝተህ ቁልቁል ትለቃት ጀመር አሉ፤ ዛሬውኑ አስቁማት» ብለሻል። ማን እንዳወራልሽ አውቃለሁ፤ ምላሱ ከእኛ ተወዳዳሪዎች ይፈጥናል። ይሁን እንጂ አልዋሸም። እንግዲያው ቀሪውን ከእኔ ስሚው።

እንደምታውቂው ሥራዬ የመሬት ቅየሳ ነው፤ ሳምንቱን የሰው ድንበር ስለካ እውላለሁ። ቅዳሜና እሁድ ግን ከጫማ ሰፊው ወዳጄ ጋር የቁልቁለት ውድድር አዘጋጃለሁ። ገሚሶቹ በስኬትቦርድ ቆመው ይወርዳሉ። ገሚሶቹ ደግሞ ሉጅ በሚባል፣ ጎማ ባለው ጠባብ ሰሌዳ ላይ እግራቸውን ወደፊት ዘርግተው፣ በጀርባቸው ተንጋልለው ይወርዳሉ። ሉጅ ፍሬን የለውም፤ ፍሬኑ የሰውየው እግር ነው። ጫማ ሰፊው ከአሮጌ የመኪና ጎማ እየቆረጠ ጫማቸው ሥር ይለጥፍላቸዋል፤ ያም ቢሆን ከሁለት ውድድር አያልፍም። ልጅሽ የምትወዳደረው በዚህኛው ነው።

ትልቁ ልፋት ግን ከውድድሩ በፊት ነው። ክረምቱን ሙሉ መንገድ ለማስዘጋት ፈቃድ ስንለምን፣ በየበሩ እያንኳኳን ነዋሪውን ስናስፈርም እንከርማለን። ዝናቡ ሲያባራ ጎርፍ ያወረደውን ጠጠር እንጠርጋለን፤ በየኩርባው ዳር የጭድ እስር እንደረድራለን። በጋውን በወር አንድ ውድድር፣ ማብቂያው ላይ ፍጻሜው። ይኸው ስድስት ዓመት ሆነን። እኔ ደግሞ በየውድድሩ ጠዋት ጫማዬን አውልቄ መንገዱን ከታች ወደ ላይ በነጭ ካልሲ እሄደዋለሁ። አትሳቂ። ዓይን ያለፈውን ጠጠር እግር ያገኘዋል፤ ካልሲው የቆሸሸበት ቦታ እንደገና ይጠረጋል። ተወዳዳሪዎቹ «ጋሼ እንደገና» የሚል ስም አውጥተውልኛል። ሰምቼ እንዳልሰማ ሆኛለሁ፤ እነሱም እየጠረጉ ነው የሚስቁት።

የዘንድሮው ፍጻሜ ባለፈው ወር መጨረሻ ላይ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ማጣሪያ ተደረገ፤ ልጅሽ ሁሉንም ቀደመች። እሁድ ሲነጋ ካልሲዬን አጥልቄ ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስደርስ እግሬ ከዳኝና በመቀመጫዬ ዘጭ አልኩ። ከሥሬ ምን ቢኖር ጥሩ ነው? አዲስ ዜብራ! ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ከተበተንን በኋላ የተቀባ፣ ኩርባው መሃል የተጋደመ፣ ወፍራም፣ እንደ ብርጭቆ የሚያንጸባርቅ፣ ጤዛ ያረፈበት። በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር የሚመጣ ጎማ እዚያ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ለማወቅ የእኔ መቀመጫ በቂ ማስረጃ ነበር።

ቁጣዬን ታውቂዋለሽ። የማዘጋጃ ቤቱን የመንገድ ክፍል ኃላፊ ደውዬ ከቁርሱ አስነሳሁት። ገና ከመኪናው ሳይወርድ፣ ማን ቀቡ አላችሁ፣ ሰው ልትገድሉ ነው ወይ እያልኩ ጮኽኩበት። ሰውዬው ክፉ ቃል አልወጣውም። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣና ዘረጋልኝ። የራሴ ደብዳቤ! የራሴ ፊርማ! ከሁለት ወር በፊት አሥራ አንድ ቅሬታ በተራ ቁጥር ደርድሬ፣ ለሦስት ቢሮ ግልባጭ ያደረግኩት። ተራ ቁጥር ሰባት ላይ ጣቱን አሳርፎ «የእግረኛ ማቋረጫው ስለደበዘዘ ከፍጻሜው በፊት ይቀባልን ብለዋል፤ ይኸው ቀባንልዎ፤ ለእርስዎ ክብር ደግሞ ሁለት ጊዜ ደረብንበት» አለኝ።

እኔ የፈለግኩት ከመድረሻው በታች ያለውን፣ ተመልካች የሚሻገርበትን ነው። የትኛው እንደሆነ ግን አልጻፍኩም። በጣት ስፋት ስህተት ሰው የማስለቅስ ቀያሽ ቦታውን ሳልጽፍ ፈርሜ ልኬያለሁ! ጫማ ሰፊው ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሳቅ፣ አትታፈን አልኩት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው።

ጫማ ሰፊው ሳቁን ሲጨርስ ፀሐይ ወጥታ ጤዛው እስኪደርቅ እንጠብቅ አለ። ቀለሙ ቢደርቅም ቀለም ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ሕዝቡ መሰብሰብ ጀምሯል፤ መነሻውን ከሦስተኛው ኩርባ በታች አውርዱት አልኩ። መንገዱ በግማሽ አጠረ። የልጅሽ ብልጫ ደግሞ ከላይ ባለው ረጅም ቀጥታ ላይ ነው፤ ይህን የማያውቅ የለም። ዓመት ሙሉ የለፋችበትን በአንድ ቃል ቀማኋት።

ሄልሜቷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ መጣች። «ጋሼ፣ እውነቱን ንገረኝ፤ መንገዱን ያሳጠርከው ለዜብራው ብለህ ነው ወይስ ለእናቴ ደብዳቤ?» አለችኝ። ደብዳቤሽን ኮቴ ኪስ ውስጥ አይታው ኖሯል። ለዜብራው ነው አልኳት። ላንቺ ግን አልዋሽም እትዬ፤ በዚያች ደቂቃ እኔም እርግጠኛ አልነበርኩም።

ውድድሩ ተካሄደ፤ ክንዱ የተላጠ ሰው እንኳ የለም። ልጅሽ አራተኛ ወጣች። ሳምንቱን ሙሉ ከ«እሺ» እና ከ«አይ» በቀር ቃል አልወጣትም። ሳህን ስታጥብ ጎረቤት ይሰማታል። ይህን ከማን እንደወረሰች ላንቺ አልነግርሽም።

በሳምንቱ እሁድ፣ ጠራራ ቀትር ላይ፣ ና ተከተለኝ አለችኝ። ጫማ ሰፊውን ከላይ፣ የመንገድ ክፍል ኃላፊውን ከታች መኪና እንዲያስቆሙላት ለምናቸዋለች። አሮጌ ሉጇ ላይ የራሷን ክብደት የሚያህል አሸዋ በጆንያ አስራ ጭናለች። ሉጅ የሚታጠፈው በማዘንበል ስለሆነ አሸዋውን ወደ አንድ ጎን አዘንብላዋለች። መጀመሪያ ቀለም የሌለበት አራተኛው ኩርባ ላይ ለቀቀችው፤ እንደ ሰው ታጥፎ አለፈ። ከዚያ ሦስተኛው ላይ ለቀቀችው። ዜብራውን ሲነካ በጎኑ ተንሸራተተ፣ ዞረ፣ የጭዱን እስር ዘልሎ ጆንያው ፈነዳ። ሦስት ጊዜ ደገመችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ያው። ጤዛ የሚባል አልነበረም። «በቃ፣ ዜብራው ነው» አለችና መጥረጊያ አቀበለችኝ። እኔም ለራሴ መመለስ ያቃተኝን ጥያቄ እሷ መለሰችልኝ። እየጠረግን ስለ ምሳ ተጨቃጨቅን፤ ቤቱ ወደ ቦታው ተመለሰ። ማዘጋጃ ቤቱም ዜብራውን ፍቆ ታች ቀብቶታል፤ ለእነሱ በጻፍኩት በሁለተኛው ደብዳቤዬ ላይ ርቀቱን በሜትር ጽፌ ንድፍ አያይዣለሁ።

አስቁማት ብለሽኝ ነበር። አላስቆምኳትም። ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ አሸዋ ጭና የምትፈትሽ ልጅ ከእኔ ከራሴ በላይ ትጠነቀቃለች። አትወድቅም ብዬ አልምልልሽም፤ የሚምልልሽ ካለ እሱን አትመኚው። ለመጪው ዓመት መንገዱን አብራኝ ልትፈትሽ ካልሲ ገዝታለች፤ የእኔን ካልሲ ነጭነት አላመነችውም።

አንድ ነገር ግን አለ፤ እንዳትነግራት ብላኛለች፣ ይኸው እነግርሻለሁ። የመጪው ዓመት መመዝገቢያ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንቱ ነው። ሁሉንም ሞልታ ፊርማውን ትታዋለች። ምን ትጠብቂያለሽ ብላት «እናቴ ሳትመርቀኝ አልፈርምም፤ ተለምና የምትሰጠኝንም አልፈልግም» አለችኝ። ስለዚህ አልለምንሽም። እያወቅሽ እንድትወስኚ ብቻ ነው የጻፍኩት።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ማታ ማታ ደረቱን ይሸፍን። ለታናሹ ልጅሽ፣ የላከልኝን የፈተና ውጤት አይቻለሁ፤ ፊዚክሱ ያኮራል፣ የእጅ ጽሑፉ ያሳፍራል በዪው። ለአማትሽ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳለሁ። ለተከራይሽ ለልብስ ሰፊዋም ሰላም በዪልኝ፤ የላከችልኝ ሱሪ ልክክ ብሏል፤ ለካች ማለት እንዲህ ነው።

መልስሽን ለእኔ ሳይሆን ለእሷ ጻፊላት። ይሁንም ብትይ አይሁንም ብትይ ትችለዋለች። ቁልቁለቱን ተንጋልላ የማትፈራው ልጅ በየሰኞው ደብዳቤሽ መጥቶ እንደሆነ ልታይ ሄዳ ፖስታ ቤቱ በር ላይ ስትደርስ እርምጃዋ ያጥራል።

ወንድምሽ

ከቁልቁለቱ ግርጌ ካለው ቤታችን
ግንቦት ፳፪ ቀን