«እኔ አይደለሁም፣ ሚስቴ ናት»

ሰኞ

ዶክተር ናየር ተመረጡ ተብሎ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ተቀውጧል። የህንድ የሳይንስ አካዳሚ አባል አድርጓቸዋል አሉ ዲናችን። ደብዳቤው «ለዶክተር ናየር» ይላል። እሳቸው ሂሳብ ያስተምራሉ፤ ባለቤታቸው ማዳም ደግሞ ውሃ ላቦራቶሪ ከእኔ ጋር ናቸው። ስምንት ዓመት አብረን ሠርተናል። ዓርብ ዝግጅት አለ፤ ባነሩን የማሠራው እኔ ነኝ።

የበሩ ጥበቃ በኦሮምኛ «ባጋ ገመዳን!»፣ እንኳን ደስ አለዎት ሲሏቸው ዶክተሩ እጃቸውን አወናጨፉ። «እኔ አይደለሁም፣ ሚስቴ ናት።» ሳቅን። እንዴት ያለ ትሑት ሰው ነው! እኛስ ሲያመሰግኑን «ኧረ እኔ ምን አድርጌ» እንል የለ?

ማክሰኞ

የቀረኝ፦ አበባ፣ ለስላሳ፣ ማይክ። ከአዳሚ ቱሉ የመጣው የጉድጓድ ውሃም ገና አልተለካም፤ ማዳም ብቻቸውን ይዘውታል። «በባለቤትዎ እንኳን ደስ አለዎት» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና «የቱ ጀሪካን ነው የቀረው?» አሉ። አማርኛዬ አልገባቸውም መሰለኝ።

ረቡዕ

ዲኑ ንግግር ጻፊልኝ ብለው ደብዳቤውን ሰጡኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ደረስኩ። የተመረጡት በስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ያለውን ፍሎራይድ ለመቀነስ በሠሩት ሥራ ነው ይላል። ሥር ላይ ሙሉ ስም አለ፦ ዶክተር ሺላ ናየር።

ሺላ ማዳም ናቸው።

ጉድ! የሂሳብ መምህር ከፍሎራይድ ጋር ምን አገናኛቸው? ጥርሴ የበለዘው በዚያ ውሃ ነው፤ ባቱ ነው ያደግኩት። ውሃውን ማን እንደለካው ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሰውየው እውነቱን ሲነግሩን ይሉኝታ ነው ብለን ሳቅንባቸው። አፈርኩ።

ሐሙስ

ዲኑ ዘንድ ገብቼ ደብዳቤው ላይ ያለውን ስም አሳየኋቸው። «ዘሃራ፣ ባነሩ ተሰቅሏል፣ እንግዳ ተጠርቷል። ደግሞስ ባልና ሚስት አንድ አይደሉ?» አሉኝ። «እንግዲያው የማዳምን ፎቶ እንስቀላ» ልላቸው አማረኝ። አላልኩም። «እሺ» ብዬ ወጣሁ። ፈሪ!

ማዳምን ይቅርታ ጠየቅኩ። «ባለቤቴ ለሁሉም ሰው ተናገረ። ሌላው ባያምን አልገረመኝም፤ አንቺ ግን ታውቂያለሽ ብዬ ነበር» አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ምሳ አልበላሁም።

ዓርብ

አዳራሹ ሞላ። የዶክተሩ ፎቶ ግድግዳውን አክሏል። ዲኑ «ዶክተር ናየር፣ ወደ መድረክ!» አሉ። ጭብጨባ። ዶክተሩ ንቅንቅ አላሉም። «እኔ አይደለሁም» አሉ እንደገና። ከኋላዬ አንዱ «ወይ ትሕትና!» አለ፤ ጭብጨባው ባሰ። ማዳም አጠገባቸው ተቀምጠው እጃቸውን ያያሉ።

እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። «እውነታቸውን ነው!» ብዬ ጮህኩ። «እሳቸው አይደሉም። ውሃችንን ስምንት ዓመት የለኩት ዶክተር ሺላ ናቸው!»

ከዚያ ዶክተሩ ብድግ ብለው ብቻቸውን አጨበጨቡ። ጥበቃው ተከተሏቸው፣ ከዚያ ተማሪዎቹ። ማዳም ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ መድረኩ ላይ ወጡ። ማይኩን ያዙ፣ «አመሰግናለሁ፣ ዘሃራ» አሉ። ይህን ብለው ወረዱ።

ዲኑ ሲወጡ «ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ነይ» ብለውኛል። ፊታቸው አልተፈታም። እሄዳለሁ፤ የመጣው ይምጣ። ስምንት ዓመት ሙሉ አብሬያቸው ስሠራ፣ ስማቸውን ስጠራ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።