«አልጠጣም» የማለት ልምምድ

ጥቅምት 2

ሚኒባስ ውስጥ በአዊኛ ጀምራ በአማርኛ የጨረሰች ሴትዮ፦ ከእንጅባራ ዳንግላ የሚሄድ ሰው ለገበያ ነው እንጂ ለሌላ ለምን ይሄዳል? ልክ ነሽ፣ ለገበያ ነው አልኳት። መድኃኒቴን ተቀብዬ ስወጣ ድንች ገዛሁ። ደብተሬ፣ ድንች ከዳንግላ ወደ ድንች አገሩ እንጅባራ የጫነ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። የእኛ ከተማ በሽተኛ ሰው እንዳያየው ዳንግላ ይሄዳል፤ የዳንግላው እኛ ጋ ይመጣል። ሚኒባሶቻችን መንገድ ላይ ይተላለፋሉ። ሰላምታ የለም።

የደም ምርመራ ውጤት፦ ቫይረሱ ጨምሯል። ምክንያቱ አይጠፋኝም። በጠጣሁ ማታ ክኒኑን ሳልውጥ እተኛለሁ።

ጥቅምት 5

እዚያው ዳንግላ፣ መድኃኒት ከምወስድበት፣ መጠጥ የመተው ምክር ጀመርኩ። አማካሪዋ የልጄ እኩያ። ለምን እንደምጠጣ ጠየቀችኝ። ብርዱ ነው አልኩ። የጂኦግራፊ መምህር ነበርኩና የእንጅባራን ከፍታ አብራራሁላት። ታግሣ ሰማችኝ፤ ያንኑ ጥያቄ ደገመችው።

እውነቱን ነገርኳት። ማኅበር ላይ እምቢ ካልኩ «መድኃኒት ጀምሯል» ይባላል። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ከማኅበሩ ሌላ ሰው የለኝም።

ጥቅምት 9

ልምምድ። አማካሪዋ ጠላ ቀጂ፣ እኔ እምቢ ባይ። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ ነው።

«እንዴ መምህር! የኔን ጠላ ሊንቁ? በሞቴ!»

ጠጣሁት። በውሃ ተሸነፍኩ። ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ሳላስበው ሳቄ ወደ ለቅሶ ዞረ። ዞር ብላ መስኮቱን ከፈተች። እንደገና ጀመርን። በመጨረሻ እምቢ አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ጥቅምት 12፣ ከሰዓት

የሚካኤል ማኅበር፣ እትዬ ጥሩዬ ቤት። የተቀዳልኝን መለስኩ። አልጠጣም እትዬ፣ አልኩ።

«በሞቴ» አላለችም። ምነው ያለኝም የለም። ጎረቤቴ አያሌው ብቻ፣ «መምህርን ይተዉዋቸው» አለና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ይኸው ነው። ስንት ዓመት የፈራሁት ይህን ነው! ደስ አለኝ። ለአማካሪዋ እስክነግራት ቸኮልኩ።

በጓዳ በኩል ወጣሁ። ከቤት ቤት የሚዞሩት የማኅበሩ ኩባያዎች አንድ ሳፋ ውስጥ ተዘፍዝፈዋል። የመለስኳት ኩባያ ለብቻዋ መስኮቱ ላይ ተደፍታለች። ቂጧ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎባታል። ከሳፋው እያወጣሁ የሌሎቹን ገልብጬ አየሁ። የላቸውም።

ቀለሙ አርጅቶ ተፋፍቋል።