ባዶው የማውዘር አፎት

ይድረስ ለወንድሜ ለታከለ፤

ከተለየኸን ወዲህ እንዴት ከርመሃል? የመተማው ሙቀት፣ ንዳዱ፣ የሰሊጡ አረም እንዴት አድርጎሃል? ጤናህስ? እኔም እማዬም ከብቱም በእግዚአብሔር ቸርነት ቆመናል። ደኅና ነን እንዳልልህ ግን አባባ የታሰሩበት ቤት ደኅና አይባልም። የሰላምታው ደንብ ይህን ያህል ይብቃህ፤ ከዚህ በኋላ ያለው ንዴቴ ነው።

ለመሆኑ ያን የጀርመን ማውዘር ሽጉጥ ከአባባ ራስጌ አንስተህ ስትሄድ ምን ነካህ? አያታችን ቡሬ ገበያ ላይ ከወለጋ ነጋዴ በሰጋር በቅሎ የለወጡት፣ በጠላት ዘመን ይዘውት ዱር የገቡት ሽጉጥ ነው። በደርግ ጊዜ አባባ ቅቤ ቀብተው እህል ጉድጓድ ውስጥ ቀብረው አተረፉት። አንተ የሰው ሰሊጥ ልትጠብቅበት ብረቱን ወሰድክ፤ ያን ከኋላው ሲገጠም ጠመንጃ የሚያስመስለውን የእንጨት አፎት ለእኛ ተውክልን። ሌባ እንኳ ከነአፎቱ ይወስዳል።

አባባ ለማንም አልተናገሩም። ልጄ ሰረቀኝ ከሚሉ ሞታቸውን ይመርጣሉ። በጥር አጎታችን ክንፈሚካኤል ሲያርፉ፣ ለጀግና ለቅሶ ታጥቆ መፎከር ደንብ ነውና ባዶውን አፎት ታጥቀው ወጡ። ቤታቸው መሣሪያ አጣ እንዳይባል ነው። አገሬው ሙሉ መስሎት አደነቀ። ቅለቱን የማውቀው እኔ አንገቴን ደፍቼ አለቀስኩ።

አሁን መሣሪያ ይመዝገብ ተባለ። የቀበሌው ሰዎች መጥተው፣ አንቱ ማለትን ረስተው፣ በለቅሶው ላይ ያየነውን ማውዘር አምጣ አሏቸው። የለኝም ቢሉ ማን ይመናቸው? ባዶ ነበር እንዳይሉ ኩራታቸው፣ ልጄ ወሰደው እንዳይሉ ሆዳቸው ከለከላቸው። ይኸው ከግንቦት ጀምሮ የቀበሌው እህል መጋዘን ተቆልፎባቸው ጆንያ ላይ ይተኛሉ። ዝናቡ ጥሏል፤ በሬዎቹ ቆመዋል፤ ማሳው አልታረሰም። ስምህን ልናገር ብል፣ ትንፍሽ ካልሽ የአብራኬ ክፋይ አይደለሽም አሉኝ። ስንቅ የማመላልስላቸውን እኔን እንዲህ አሉኝ፣ ላንተ ሲሉ።

እማዬ ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ ትላለች። እጮኛህ ሠርክአዲስም ናፍቀሃታል። ጎረቤታችን እጅጉ፣ ታከለ ጎበዝ ልጅ ነው፣ ሰላም በይልኝ ብሏል፤ ምን ያውቃል። አባባም በመጋዘኑ በር ስንጥቅ ሰላም ብለውሃል፤ እንዳይመጣ፣ ይይዙታል በዪው ብለውኛል። አደራ ነውና ይኸው ጻፍኩት።

እኔ ግን ብረቱን ይዘህ ና እልሃለሁ። ሳትመጣ አንድ ነገር ቢሆኑ፣ ለለቅሷቸው አፎቱን ታጥቄ የምወጣው እኔ ነኝ፤ ክዳኑንም ከፍቼ ለአገሬው አሳያለሁ።

ታላቅ እኅትህ አቻምየለሽ
ከቡሬ ገጠር፣ ሰኔ 12 ቀን 1990 ዓ.ም.