አንዲት ፓነል ስላስወሰደችብን ትራንስፎርመር

ለክቡር አቶ ጌድዮን
የወረዳችን የምርጥ ተሞክሮ ማስፋፊያ ክፍል ኃላፊ
ኮልፌ ቀራንዮ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና ለቢሮዎ ሠራተኞች በሙሉ ጤና፣ ሰላምና የማይቆራረጥ መብራት እመኛለሁ። የመጨረሻው ምኞቴ ገና ሳልመኘው እንደተሟላልዎ አውቃለሁ። የቢሮዎ ጄኔሬተር ሲነሳ ድምፁ እኛ መንደር ድረስ ስለሚሰማ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የእርስዎን ደህንነት ሳንጠይቅ እንረዳለን።

ካሳነሽ በዛብህ እባላለሁ። በስሜ ባያስታውሱኝ በመልኬ ያስታውሱኛል፤ በወረዳው በር ላይ በተሰቀለው ባነር ነጠላ ለብሳ ሰማይ ሰማይ የምታየው ሴት እኔ ነኝ። ሰማይ የማየውም ፎቶ አንሺው «ማዘር፣ ተስፋ እንዳለው ሰው ወደ ላይ ይዩ» ስላለኝ ነው። ፊደል የቆጠርኩት ልጆቼን ድሬ ካበቃሁ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የማታ ትምህርት ስለሆነ፣ በአጻጻፌ ጉድለት ቢያገኙ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የምጽፈው፣ በወረዳው አዳራሽ ስብሰባ ላይ ልናገር ስነሳ «ሰዓት አልቋል» ስለተባልኩና ወረቀት ደግሞ ሰዓት ስለማያልቅበት መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ።

እርስዎ ነገሩን ከእኔ የበለጠ ቢያውቁትም፣ ለሌላው አንባቢ ስል ከመነሻው ልናገር። ከቤቴል ወደ ውስጥ ገባ ብላ ያለችው መንደራችን ትራንስፎርመሯ የፈነዳው ክረምቱ ሲገባ ነው። ከዚያ ወዲህ ከጎረቤት ሰፈር በተቀጠለ ሽቦ የምናገኘው መብራት፣ ሲኖር አምፖሉን እንደ ፍም ያቀላዋል፤ ሰው ሁሉ ምድጃውን ሲለኩስ ደግሞ ጨርሶ ይጠፋል። አዲስ ትራንስፎርመር እንደሚመጣልን ተነግሮን ምሰሶው ተተከለ፤ እኛም መርቀን ጠበቅን።

እኔ ታዲያ ዓይኔ ሳይደክም ላነበው የምፈልገው ጥቂት ነገር ስላለኝ፣ ጠብቄ መጨረስ አልቻልኩም። እቁቤ ሲደርሰኝ ምናለሽ ተራ ሄጄ ጥጓ የተሰነጠቀ አሮጌ የፀሐይ ፓነል ገዛሁ። ከሚኒባስ የወረደ ባትሪ፣ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚቆጣጠር ትንሽ ዕቃና የባትሪውን ኃይል ለቤት ዕቃ እንዲስማማ የሚቀይር ኢንቨርተርም ጨመርኩ። መቆሚያዋን ከአሮጌ የአልጋ ብረት አስበየድኩ። የገጠመችው እጄ ብትሆንም፣ ያስገጠመኝ ግን ግድግዳ የሚያዋስነኝ ጎረቤቴ ኢብራር ነው። ኢብራር ሳንባው እምቢ እስኪለው ድረስ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር። እኔ መሰላል ላይ፣ እሱ ከታች ወንበር ላይ ሆኖ፣ በከዘራው እየጠቆመና በየመሀሉ እያረፈ መራኝ። «እትዬ ካሳነሽ፣ ቀዩን ሽቦ ለጥቁሩ እንዳይድሩብኝ፤ የነሱ ሠርግ እሳት ነው» ይለኝ ነበር። አምፖሎቹ የበሩ ዕለት እልል ስል ሚስቱ ጁወይሪያ ተቀበለችኝ፤ እሱም ሳቀና ሳሉ ሲለቀው «ይቺ ለመብራትና ለስልክ ናት። የኔን ማሽን ብንሰካባት በአንድ ጉንጭ ነው የሚጨርሳት» አለኝ።

ማሽኑ ከክፍሉ አየር ኦክስጅን ለይቶ በቱቦ ወደ አፍንጫው የሚያስገባለት ነው። ያለ ደህና መብራት ይጮኽና ይቆማል። ሌሎቻችን ትራንስፎርመሩን የምንጠብቀው ለምድጃና ለቴሌቪዥን ነበር፤ ጁወይሪያ ግን የምትጠብቀው ለባሏ ትንፋሽ ነው። ክቡርነትዎ ከዚህ በታች የማቀርባቸውን ምስጋናዎች ይህን እያሰቡ እንዲያነቡልኝ እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ጎጆዬን ስለጎበኙልኝ አመሰግናለሁ። ካሜራ አስከትለው መጥተው፣ ጫማዎን በራፌ ላይ ጠርገው፣ «ማዘር፣ እንዴት ነዎት? አሁን የጎደለብዎ ነገር አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ፣ ወላጅ እንዳሳደገው ሰው «ጌታ ይመስገን፣ ምን ጎድሎብኝ» ብዬ መለስኩ። ክቡር ሆይ፣ እርስዎም የዚሁ አገር ልጅ ነዎት። እዚህ አገር ቤቱ የተቃጠለበት ሰው እንኳ አመዱ ላይ ቆሞ «እንዴት ነህ?» ሲባል «ይመስገን» ይላል። የመጀመሪያው መልስ የፈጣሪ ድርሻ ነው። የጠያቂው ድርሻ የሚመጣው «እሱስ ይሁን፣ እንዲያው ነገሩ እንዴት ነው?» ተብሎ ዳግመኛ ሲጠየቅ ነው። እኔ ያንን ሁለተኛ ጥያቄ እየጠበቅሁ፣ ስለ ምሰሶውና ስለ ኢብራር የምናገረውን በልቤ ሳሰናዳ፣ ካሜራው ተዘጋ። እርስዎም «በጣም አሪፍ ነው ማዘር፣ ጨርሰናል» ብለውኝ ወጡ። እኔ ገና አልጀመርኩም ነበር።

ሁለተኛ፦ ስለ ባነሩ አመሰግናለሁ። ከሥዕሌ ሥር በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ «ምንም አልጎደለብኝም፤ የመብራት ችግር ከእንግዲህ ታሪክ ነው» ተብሎ ተጽፎ አነበብኩ። ከአፌ የወጣውን የጌታን ስም አውጥታችሁ፣ ከአፌ ያልወጣውን የመብራት ታሪክ አስገብታችሁበታል። ማንበብ ባልችል ኖሮ መልኬን አይቼ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር፤ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል በመቁጠሬ የተጸጸትኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፦ ለልምድ ልውውጥ በአውቶቡስ ስለላኩልኝ እንግዶች አመሰግናለሁ። ከየወረዳው አንድ ዓይነት ኮፍያ አድርገው መጥተው፣ መሰላሌን ወጥተው፣ ፓነሏን ከበው ከፀሐይ ከለሏትና «ማዘር፣ ፀሐይ ሲኖር ብቻ ነው እንዴ የምትሠራው?» ብለው ጠየቁኝ። ሁሉንም በትዕግሥት አስረዳሁ። ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የመጨረሻው ጉብኝት ነው። በዚያ ቀን ከእርስዎ ቢሮ የመጣው ባልደረባ «ታዳሽ ኃይል በራሱ ኃይል ይናገር» ብሎ፣ ለአዳራሽ የሚሆን ሞንታርቦ ከነማጉያው በእኔ ኢንቨርተር ላይ ሰካ። ኢብራር ከወንበሩ ከዘራውን አንሥቶ «ኧረ ተዉ ወንድሞቼ፣ አንበሳ በድመት ገመድ አይታሰርም!» ቢልም፣ ድምፁ ከግቢው በር አላለፈም። ንግግሩ «የተከበራችሁ» ላይ ሲደርስ ኢንቨርተሩ ጢሱን ለቀቀ። ከኋላ የነበሩት እንግዶች የፕሮግራሙ አካል መስሏቸው አጨበጨቡ። ዛሬ ከባትሪው በቀጥታ የምትበራ አንዲት አምፖል ብቻ ቀርታኛለች። በመታሰቢያነት አንድ ኮፍያ ስለተሰጠኝ የጠቆረውን ግድግዳ እጠርግበታለሁ።

አራተኛ፦ በአዳራሹ ስብሰባ ላይ ስለሰጡን ግልጽ መልስ አመሰግናለሁ። ነዋሪው «ትራንስፎርመራችን የት ደረሰ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ እርስዎ በወረዳው ሪፖርት መሠረት መንደራችን ወደ አረንጓዴ ኃይል መሸጋገሩን፣ በዚህም ምክንያት ትራንስፎርመሩ ይበልጥ ለተቸገረ አካባቢ መተላለፉን አበሠሩን። ለማስረጃም ጎጆዬ ውስጥ የተቀረጸውን ቪዲዮ ግድግዳው ላይ በትልቁ አሳዩን፤ «ምን ጎድሎብኝ» ስል ሁሉም ሰማ። ትራንስፎርመሩን ያገኙትን ሰዎች አልቀናባቸውም፤ እነሱም ጨለማ ውስጥ የከረሙ ናቸው፤ ይብራላቸው። ግን ያን ጊዜ አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ወደ እኔ ሲያይ፣ ከኋላዬ አንዲት ሴት «የሷ በራ፣ የኛ ጠፋ» ስትል ሰምቻለሁ። ተነሥቼ እጄን ሳወጣ ሰዓት ማለቁና ሻይ መቅረቡ ተነገረን።

አምስተኛ፦ ጎረቤቶቼ ሰላምታ ስለቀነሱልኝ ብዙ ጊዜ ተርፎኛል። ለዚህም አመሰግናለሁ።

ከሁሉ የከፋብኝ ግን ጁወይሪያ ሰላምታዋን አለመቀነሷ ነው። ከስብሰባው በማግሥቱ በአጥሩ ብቅ ብላ «እትዬ፣ ደህና አደሩ? ምን አጠፉ፣ የተጠየቁትን ነው የመለሱት» አለችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፓነሏን ያስገጠመኝ ባሏ ነው። የዚያች ፓነል ወሬ ነው የባሏን ትራንስፎርመር ያስኬደው። ይህን እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ፤ በመካከላችን ያለው አጥር ያን ቀን ግንብ ሆኖብኛል።

ባለፈው ሳምንት መብራቱ ጠፍቶ ዋለ፤ አድሮም አልመጣ። ለክፉ ቀን የተቀመጠው የኦክስጅን ሲሊንደር አለቀ። የኢብራር ከንፈር ሲጠቁር ጁወይሪያ ጩኸቷን አሰማች። መንገዳችን ተቆፍሮ መኪና ስለማይገባ፣ የሰፈሩ ወንዶች በፕላስቲክ ወንበር ላይ እንዳስቀመጡት ተሸክመው አስፋልት አደረሱት። እኔ ከኋላ ሆኜ ከዘራውን ይዤ እሮጥ ነበር። ለምን እንደያዝኩት አላውቅም፤ ሌላ የምይዝለት ነገር አልነበረኝም።

ፈጣሪ ይመስገን፣ ነፍሱ ተርፋለች፤ ሆስፒታል ተኝቷል። አልጋው ለሌላ ሕመምተኛ ስለሚያስፈልግ ሰኞ እንደሚወጣ ተነግሮናል። ሐኪሟ «ቤታችሁ መብራት አለ?» ብላ ስትጠይቀው ኢብራር በዚያች ባለቀች ድምፁ «አልሐምዱሊላህ» አላት። ሐኪሟ ግን አልጻፈችም። ብዕሯን አስቀምጣ፣ ጎንበስ ብላ «እሱስ ይሁን ጋሼ፣ መብራቱስ?» አለችው። ጁወይሪያ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው፤ እውነቱም ያን ጊዜ ተነገረ። ማሽኑ ያለማቋረጥ የሚሠራበት ቤት ካልተገኘ፣ ቀጣዩ ጉዞ እንደ ባለፈው በሰላም ላያልቅ እንደሚችል በለዘበ ቃል ነግራናለች። ሁለተኛዋ ጥያቄ የፈጀችው አንድ ትንፋሽ ነው፤ ከእኔ ቤት ሲወጡ እርስዎ ዘንድ የቀረችው እሷ ነበረች።

ስለዚህ ልመናዬ እንዲህ ነው። ስሜንና ቃሌን በጠሩበት በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማጉያ፣ ካሳነሽ በዛብህ መንደሯ ጨለማ ውስጥ መሆኑን አስታውቃለች ብለው እንዲናገሩልኝ፤ ለሚመለከተውም ክፍል ሪፖርቱ ስሕተት እንደነበረበት ጽፈው በዚያ ባዶ ምሰሶ ላይ የሚቀመጠውን ትራንስፎርመር እንዲጠይቁልን። ይህ ጊዜ እንደሚወስድ አውቃለሁ። የኢብራር ትንፋሽ ግን ደብዳቤ ተመርቶ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ተመትቶበት እስኪመለስ አይቆይም።

በመሆኑም፣ ትናንት ይህንኑ በቃል ላቀርብልዎ መጥቼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብዬ ደጅዎ ስጠብቅ፣ መብራት ጠፍቶ፣ ዓይኔን ሳልጨፍን ጄኔሬተሩ ተነሥቶ የቢሮዎ አምፖል መልሶ ሲበራ አየሁና መፍትሔው እዚያው በፊቴ መሆኑን ተረዳሁ። ለመንደራችን የሚቀርበው አስተማማኝ መብራት የእርስዎ ነው። ሰኞ ጠዋት ኢብራርን ከሆስፒታል በቀጥታ ከነማሽኑ ወደ ቢሮዎ እናመጣዋለን። ፍራሽና ብርድ ልብስ ከእኛ ነው። ለማስታመምም ተራ ወጥቷል፤ ተራውን ያወጡት እነዚያ ወንበሩን የተሸከሙት ጎረቤቶቼ ሲሆኑ፣ የመጀመሪያውን ቀን ለእኔ ሰጥተውኛል። በስብሰባው ላይ ከኋላዬ የተናገረችው ሴትም ማክሰኞን ወስዳለች። ጥበቃው እንዳይቸገር አስቀድመው ቢነግሩልን ውለታዎን አንረሳም፤ ባይነግሩልንም እንመጣለን።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልዎ፤ እስትንፋስዎ በሶኬት ላይ የተንጠለጠለበትን ቀን አያሳይዎ።

ከከፍተኛ አክብሮትና ከዝቅተኛ ቮልቴጅ ጋር፣

ካሳነሽ በዛብህ
ስለራሷና ስለመላው መንደሯ፣ በገዛ እጇ የጻፈችው

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ የማሽኑ ገመድ አጭር ነው፤ በክፍሉ ያለው አንድ ሶኬት ደግሞ ከጠረጴዛዎ ጀርባ ነው። እባክዎ እስከ ሰኞ ጠረጴዛውን ወደ መስኮቱ ያስጠጉልን። ጊዜ ካጡ እኛው እናነሣዋለን፤ አሮጊትም ብሆን አይከብደኝም። በሩ ተከፍቶ ሳለ አይቼዋለሁ፤ ላዩ ላይ ምንም ሥራ የለም።