ሳይሰምር የገባ ስለት

ጥቅምት 28
ዝናቡ ሊያባራ ነው መሰል። ቀኑን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ ዋልኩ። ልጄ ትዕግሥት ዘጠነኛ ወሯን ልትይዝ ነው። ሁለት ጊዜ ወርዶባታል... ይኼኛውን አያድርገው። ልጄን በሰላም ካገላገለችልኝ ለማርያም መጋረጃ አስገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። ለመጋረጃው የገዛሁት ከፋይ ጨርቅ ሳጥን ውስጥ ነው። እስከዚያ መቀስ አይነካውም።

ኅዳር 5
ማር የምታመጣልኝ አስካለች ከሸኮ መጣች። ዛሬ ማር የለም፤ ጃንጥላ ይዛለች።
«እትዬ ሸዋነሽ፣ ዙሪያውን ዘርፍ ስፊልኝ። ለማርያም ነው።»
«ስለትሽ ሰመረ? እሰይ!»
ጃንጥላውን አስቀምጣ ነገረችኝ። ለካ ልጇ ጴጥሮስ ክረምት ላይ በወባ... ምላሴን በቆረጠው።
«እኔ ምንም አልተሳልኩ» አለች።
«ታዲያ ለምን?»
«ሰባት ዓመት አቀፍኩት። ለምኜ ነው እንዴ? እግዜር ዝም ብሎ ነው የሰጠኝ።»
እንዲህ ያለ ልብም አለ? ዘርፉን እያለቀስኩ ሰፋሁት።

ኅዳር 6
ትዕግሥትንስ ለምኜ ነበር?

ኅዳር 14
ከፋዩን ቆረጥኩት። ትዕግሥት በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።
«እማዬ፣ ገና አልወለድኩም እኮ።»
«አውቃለሁ።»
«ነገር ቢበላሽስ?»
የስፌት መኪናዬን መርገጥ ቀጠልኩ።

ኅዳር 21
የማርያም ንግሥ። ስለት የሚያስነግሩት ቄስ ከፈለኝ መጋረጃውን ተቀብለው ድምፅ ማጉያውን አነሱ። «ወይዘሮ ሸዋነሽ፣ ስለታቸው ሰምሮላቸው...» ሕዝቡ እልል አለ። ጠጋ አልኩ።
«አባ፣ አልሰመረም። ልጄ ገና አልወለደችም።»
«ታዲያ ምን ብዬ ልናገር?»
«ተመስገን ይበሉልኝ።»
እንዳልኩት ተናገሩ። ሰዉ ግራ ገብቶት ጸጥ አለ። ከሴቶቹ መሃል አንድ እልልታ ብቻ ተሰማ። አስካለች ናት! እግዜር እዚያው አጠገቤ የቆመ ነው የመሰለኝ።

ታኅሣሥ 2
ሆስፒታል። ምጧ ከጠዋት ጀምሮ ነው። ነርሶቹ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፤ የሚነግረኝ የለም። አግዳሚው ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ።

እንደ ልማዴ «ይህን ካደረግሽልኝ...» ልል ጀምሬ ነበር። የሚቀጥለው ጠፋኝ። ሳጥኑ ባዶ ነው፤ የምደራደርበት የለኝም። ፈርቻለሁ፣ በጣም።

የሕፃን ድምፅ ገና አልተሰማም። ተመስገን አልኩ።