ከአስመራ የመጡት ጎማዎች

ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ ፲፩ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለምወድህ ወንድሜ ለጀማለዲን አብዱልቃኒ
አስመራ

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ከረምህ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማማ ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት፤ ሱቁም ክረምቱን እንደምንም እየገፋ ነው። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጭነት መኪና ሐሙስ ጧት ስለሚነሣ አሁኑኑ ቁጭ ብዬ መጨረስ አለብኝ።

መልስ ያዘገየሁብህ ረስቼህ አይደለም። የአባባ መኪና የዲፈረንሻል ጥርስ ይቀየር ወይስ ይቅር ብለህ የጠየቅኸኝ ነገር ከባንኮኒ ጀርባ ቆሜ የምመልሰው አልሆነልኝም። ይቀየር ካልሁህ በመካኒክነት ቀጥሮኛል ያልኸን የጋራዥ ባለቤት ጥርሱን ከውጭ ያስመጣልሃል፤ አንተም ለእሱ ሌላ ሁለት ዓመት ለመሥራት ትፈርማለህ። ይቅር ካልሁህ አትፈርምም። ስለዚህ የምወስነው ስለ መኪና ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሄጄ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ፤ አየሁም።

ከላክኻቸው ትልልቅ ጎማዎች ልጀምር። በሰኔ አራቱም በሰላም ደረሱ። ከመኪናው ላይ ሲወርዱ ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ አየ። እማማ አንዱን በእጇ ዳብሳ ዳብሳ፣ «ልጄ ጠንክሯል ማለት ነው» አለች። ጎማ ተነክቶ የሰው ጤና እንዴት እንደሚታወቅ እሷን ጠይቃት። ጋሼ እንዳላማው ደግሞ ዞር ዞር ብሎ አያቸውና፣ «ከእንግዲህ መሪ ለመያዝ መሰላል ሊያስፈልገኝ ነው» አለ። አባባ ከሞተ ወዲህ መኪናዋን የሚነዳት እሱ መሆኑን ጽፌልህ ነበር። እያጉረመረመም ቢሆን በዚያው ቀን አስገጠማቸው።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጭቃ ላይ ጎማዎችህን የሚያህል የለም። ከአምበር ወዲያ ያለውን ጥቁር መሬት ታውቀዋለህ፤ አባባና አንተ አንድ ጊዜ እስከ ወገባችሁ ጭቃ ሆናችሁ የመጣችሁበትን። ዘንድሮ እዚያ ቦታ ላይ አንድም ቀን አልቆምንም። ጋሼ እንዳላማው መስኮቱን ከፍቶ፣ «ደህና ዋል!» ብሎ ጭቃውን ተሰናብቶት ያልፋል። ሌላም የሚያስቅ ነገር አለ። የምንመላለስባት ዲማ በቆጣሪው ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር ቀርባ ተገኘች። ጎማው ሲተልቅ ቆጣሪው ያሳንሳል አሉ። ጋሼ እንዳላማው ግን ለተሳፋሪው ሁሉ፣ «ጀማል ከአስመራ ሆኖ ዲማን ጎትቶ አቀረበልን» እያለ ያወራል።

ችግሩ ሸለቆው ላይ በመሄጃም በመመለሻም የምንወጣው ዳገት ነው።

የዛሬ ሁለት ሳምንት እኔም ከፊት ተቀምጬ ሄድሁ። ስንሄድ ጨውና ላምባ ጭነን ነበር፤ እያቃሰተችም ቢሆን ደረስን። ስንመለስ አሥራ አንድ ሰው ተሳፈረ። ከእነሱ አንዷ እማሆይ ወለተ ኪዳን ናቸው፤ የዲማዋ መነኩሲት፣ አባባን «አንተ እስላም፣ ዘመድ ባትሆነኝ ኖሮ አልሳፈርልህም ነበር» እያሉ የሚቀልዱበት። እግራቸው አብጦ ወደ ሆስፒታል ልናመጣቸው ነው። ዝናቡ ገና መጣሉ ነበር። ዳገቱ ግማሽ ላይ ስንደርስ ሞተሩ ድምፁ ወረደ፤ ጋሼ እንዳላማው ከባዱን ማርሽ አስገባ፤ ትንሽ ሄደችና ቆመች። እንደገና ሞከረ። ፍሪሲዮኑ መሽተት ጀመረ። ከዚያ ወደ ኋላ መንሸራተት ስትጀምር፣ «ታኮ!» ብሎ ጮኸ።

ያን ጊዜ እንደ ድሮው ታኮውን ይዘህ የምትወርድ መስሎን ሁላችንም ዞር ብለን አንተን ፈለግን። በአላህ እልሃለሁ፣ እኔም ጭምር። ሦስት ዓመት ሙሉ እንደሌለህ እያወቅሁ። ከዚያ ዘልዬ ወረድሁና አባባ የጠረበውን የወይራ ታኮ ከወንበሩ ሥር አውጥቼ ከኋላ ጎማ ሥር ሸጎጥሁት። ያዘ። ቀሚሴ ግን ከዚያ ወዲህ ቀሚስ አልሆነም።

ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። እማሆይን እናዝልዎ ቢሏቸው፣ «መኪና ተሳፍሬ በሰው ጀርባ ልግባ?» ብለው እምቢ አሉ። ቀጥለውም እግራቸውን እያሹ፣ «ይቺ መኪና እኔን ነው የመሰለችው፤ እግሯ ወፈረ፣ ጉልበቷ አለቀ» አሉ። ዝናቡ ውስጥ የቆመው ሁሉ ሳቀ። በመጨረሻ እሳቸውን ብቻ ጭና እያለቀሰች ወጣች፤ አሥራ አንዳችን በእግራችን ተከተልን። ላይ ስንደርስ አንዱ ገበያተኛ፣ «ቀድሪያ፣ ለሚቀጥለው ገበያ እኛ በእግራችን እንሂድ፣ አንቺ መኪናዋን ተሸክመሽ ነይ» አለኝ።

እኔም ሳቅሁ፤ ግን አባባ ትዝ አለኝ። አባባ በዚያ ዳገት ላይ ሰው አስወርዶ አያውቅም። «ሰው የምጭነው ዳገቱን እንዳይወጣው ነው፤ ሜዳውንማ ራሱ ይሄደዋል» ይል ነበር። አንተም ሰምተኸዋል።

በማግስቱ መኪናዋን መካኒኩ አንሙት ጋ ወሰድናት። ያው እንደምታውቀው ሥራውን ከመጀመሩ በፊት ያስተምራል። «በፊትና በኋላ ዲፈረንሻል ውስጥ ያለው ጥርስ ለድሮው ጎማ ተለክቶ የተሠራ ነው» አለኝ። «ጎማው ሲተልቅ በአንድ ዙር የሚሄደው ረዘመ። ሞተሩ ግን ያው የድሮው ሞተር ነው። አጭሩን ሰውዬ በረጅም ሰው ርምጃ ዳገት ውጣ እንደ ማለት ነው። ወይ ጥርሱን ለጎማው የሚስማማ አድርጊ፣ ወይ የድሮውን ጎማ መልሺ። መካከለኛ መንገድ የለውም።»

ጥርሱ ከአስመራ ሊላክልን እንደሚችል ነገርሁትና ደብዳቤህን አውጥቼ ያንን ክፍል አነበብሁለት። «የኋላውን ጥርስ ዘንድሮ እልካለሁ፤ ገጥማችሁ ሥሩበት። የፊቱ ለከርሞ ይደርሳል። እስከዚያ በጭቃ ጊዜ እንደ ቀድሞው በአራቱም ጎማ ትጎትታላችሁ» ያልኸውን።

አንሙት እጁን እየጠረገ ቀና አለ። «ማነው ይህን የጻፈው?»

«አስመራ ያለ የምናውቀው ነጋዴ ነው» አልሁት።

«ነጋዴ ከሆነ አይፈረድበትም» አለ። «የኋላው በአንድ ፍጥነት ልዙር ሲል የፊቱ በሌላ ፍጥነት ልዙር ይላል። በአራቱም ስትጎትት እርስ በርስ ይጣሉና ጥርሱን ሰባብረው ያርፋሉ። ሁለቱ አብረው ካልተቀየሩ አይነኩም። ይህን የጋራዥ ሰው ገና በመጀመሪያው ዓመት ያውቀዋል።»

ደብዳቤህን አጥፌ ያዝሁት። ለእማማ ያንን ክፍል አላነበብሁላትም፤ ለጋሼ እንዳላማውም አልነገርሁትም። ከአንተና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም፤ አይኖርምም።

እንግዲህ መልሴ ይኸው። ጥርሱ ይቅር። አትፈርም።

የድሮዎቹን ጎማዎች ቅዳሜ ዕለት መልሰን አስገጠምን። ቅር እንዳይልህ። ያንተዎቹን አልሸጥሁም፤ የጉንደ ወይን ነጋዴ ሁለት ጊዜ ለመነኝ፣ እምቢ አልሁት። መጋዘን ውስጥ ከእንጨት ላይ አስቀምጬ በጆንያ ሸፍኛቸዋለሁ። እማማ በዚያ ባለፈች ቁጥር ቸብ ቸብ ታደርጋቸዋለች። ጭቃው ላይ እንደ ድሮው ወርደን እንገፋለን፤ እሱ ማንንም አያሳፍርም። ትናንት እማሆይን ከሆስፒታል ስንመልሳቸው የመሄጃውን ዳገት ስምንት ሰው ይዛ ሳትቆም ወጣች። እማሆይ፣ «እሷስ ተሻላት፤ የእኔን እግር የድሮውን ማን በመለሰልኝ» አሉ። እብጠቱ ግን ጎድሎላቸዋል።

ሌላ የምነግርህ አለኝ። ጋሼ እንዳላማው ዓይኑ እየደከመ ነው። በዝናብ ጊዜ እኔ ከጎኑ ሆኜ፣ «ቀኝ፣ ግራ፣ በሬ አለ» እያልሁ ነው የምንሄደው። «ሁለት ዓመት የምጠብቅበት ዓይን የለኝም፤ መሪውን የማስረክበው ሰው አምጪልኝ» ብሎኛል። አንሙትም ረዳት ይፈልጋል። የሠለጠነ ሰው ላምጣልህ ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ «የሠለጠነ አልፈልግም፣ ይከራከረኛል። ብሎን ከመፍታት የሚጀምር ትሑት ሰው ነው የምፈልገው» አለኝ። እንዲያው ይህን ስሰማ ልንገርህ ብዬ ነው።

ጀማል፣ አስመራ ውስጥ የምትሠራው ሥራ ምንም ይሁን ምን፣ በዚያ ሥራ ነው አራት ትልልቅ ጎማ ገዝተህ የላክኸው። የሰው እጅ ሳይረዳህ። እኔ ይህንን ነው የማስበው።

ስትሄድ አባባ መናኸሪያው ላይ፣ «መካኒክ ሆነህ ተመለስ» ማለቱን አልረሳሁም፤ አጠገባችሁ ቆሜ ነበር። አምና በአባባ የመጨረሻ ሳምንት ግን ከጎኑ የነበርሁት እኔ ነኝ፤ አንተ ያልሰማኸውን ሰምቻለሁ። ሦስት ቀን በተከታታይ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «ጀማል መቼ ይመጣል?» ነው ያለው። ምን ሆኖ ይመጣል አላለም። ይህን ቀደም ብዬ ልጽፍልህ ይገባኝ ነበር፤ እንዲከብድህ አልፈለግሁም። አሁን ግን እንዲቀልልህ ብዬ ጻፍሁት።

ክረምቱ ሲወጣ መንገዱ ይደርቃል። አላህ በመንገድህ ሁሉ ይጠብቅህ፤ የእጅህን ሥራ ይባርክልህ፤ ለእማማም ዓይኗ ሳይደክም አንተን ያሳያት። ታኮው ከወንበሩ ሥር፣ አንተ ከምታስቀምጥበት ቦታ ነው።

የምትወድህ እህትህ
ቀድሪያ አብዱልቃኒ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ላሽገው ስል አንሙት ስኳር ሊገዛ ሱቅ ገባ። «ለዚያ ነጋዴ ምን ብለሽ መለስሽለት?» አለኝ። «ይምጣና ራሱ ይየው ብዬዋለሁ» አልሁት። «ደግ አደረግሽ» አለና ስኳሩን ይዞ ሄደ።